ለጥሩወርቅ የመረጥኩት ጎማ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ብቸና ውስጥ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤአለሁ። መኪና መንዳት አልችልም፤ በሕይወቴ አንድም ጎማ ፈትቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል መሆኑን ለተማሪዎቼ በጠመኔ እየሣልኩ አሳይ ስለነበር፣ ጎማና መሬት ሲገናኙ የሚሆነውን ሁሉ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ሥርዓት እወዳለሁ። ደብተሮቼ በቀለም የተለዩ ነበሩ፤ እርሳሶቼ በቁመታቸው ይደረደራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ማስረዳት እወዳለሁ። ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኛል። ለምን እንደሚያዳምጠኝ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በዚያ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመርጡለ ማርያም በታች፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ውስጥ ያለ የአንድ ጣቢያ አስተባባሪ ተደረግሁ። ከእኔ ጋር ሦስት አስተማሪዎች ነበሩ። ከሦስቱ አንዷ ጥሩወርቅ ናት፤ የሞጣ ልጅ፣ የመሪጌታ ልሳኑ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዚያው ዓመት የጨረሰች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት። አሮጊቶቹን ስታስተምር ከጎናቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጣታቸውን ይዛ በአፈር ላይ ታጽፋቸው ነበር። እኔ ሰሌዳ ይሻላል ብዬ ምክንያቱን ስዘረዝርላት አንገቷን ዘመም አድርጋ ጨርሼ አፌን እስክዘጋ ትጠብቅና «አመሰግናለሁ፣ ጓድ ማብራሪያ» ትለኛለች። ስሙ ጸደቀ። ገበሬዎቹ ሳይቀሩ ከኋላዬ በዚሁ ይጠሩኝ ጀመር።

ሐምሌ ላይ ጠመኔ፣ መጻሕፍትና የፋኖስ ጋዝ ለማምጣት ወደ ብቸና ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ አንድ ሰዓት ግድም፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ ገበሬ ቢሮው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ትናንት ማለዳ ከጣቢያው ተነስቶ ሌሊቱንም ሳያርፍ የመጣ ነው። ከጎፈሬው ውስጥ እንዳይርስ የሸጎጠውን ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የባልደረባዬ እጅ ጽሑፍ ነው፦

«ጥሩወርቅ በወባ ወድቃለች። ክኒኑን ስታስመልሰው ሁለተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ እኔን መለየት አቃታት። ሞጣ ሐኪም ቤት ካልደረሰች አትተርፍም። መኪና ይዘህ ድረስ።»

ያለችን አንዲት ላንድሮቨር ናት። ሾፌሯ ጋሽ ደምሴ ከሃምሳ ያለፉ፣ ከመንገድ ሥራ ጀምሮ ሃያ አምስት ዓመት ያሽከረከሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መኪናዋን ከነጎማዋ አሳዩኝ። አራቱም አልቀዋል፤ በሁለቱ ላይ ክሩ ወጥቷል።

«በእነዚህ አንወርድም» አሉኝ።

ንብረት ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ጎማ ነበር። አራቱ አዲስ ናቸው፤ ጥርሳቸው የጣት ውፍረት ያህል ጠልቆ የተፈለፈለ፣ ጎናቸው እንደ ግንብ የወፈረ። ሌሎቹ አራቱ ከሌላ መኪና የተፈቱ፣ ጥርሳቸው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ በግማሽ ያገለገሉ ናቸው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያለቁትን አራት መልሰህ፣ ፈርመህ፣ አንዱን ወገን ብቻ ትወስዳለህ። ሁለቱንም መጫን የለም።

ጋሽ ደምሴ በአገጫቸው ወደ ያገለገሉት አመለከቱ። «እነዚያን እንውሰድ፣ ጓድ።»

«ጋሽ ደምሴ፣ አሮጌ እኮ ናቸው!»

«አሮጌ ናቸው። ግን ለስላሳ ናቸው፤ ድንጋይ ላይ ይተኛሉ። ድንጋዩን ያቅፉታል።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሆነው። የሰው ነፍስ እየጠበቀችኝ፣ ቆሜ አስረዳሁ። ጠመኔ ከኪሴ አውጥቼ በንብረት ክፍሉ የቆርቆሮ በር ላይ ጎማ ሣልኩ። አንደኛ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ መሬቱን ይነክሳል አልኩ። ሁለተኛ፣ ወፍራም ጎን በስለታም ድንጋይ አይቀደድም። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ጎማ መንገድ ላይ ቢፈነዳ የምናጣው ሰዓት የልጅቷን ሕይወት ሊያሳጣን ይችላል። ቀስቶችም አደረግሁበት።

ንብረት ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ። «ጓድ ልክ ናቸው። አዲስ እያለ አሮጌ ወስዶ ኋላ ማን ይጠየቃል?»

ጋሽ ደምሴ ሥዕሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁት።

«እሺ፣ ጓድ» አሉ።

ያንን «እሺ» ገብቷቸው ነው ብዬ ወሰድኩት። ነፋሱንም ጠንከር አድርገው እንዲሞሉት ነገርኳቸው፤ እሱንም እሺ አሉ።

ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ከብቸና ወጣን። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ መንገዱ የዋልካ ጭቃ ነው። አዲሶቹ ጎማዎች ጭቃውን እየቆፈሩ፣ ወደ ኋላ እየወረወሩ ሲሄዱ አላስቻለኝም።

«አዩ፣ ጋሽ ደምሴ? አልነገርኩዎትም?»

«አየሁ፣ ጓድ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ጭቃው ልክ ነበርኩ። የተጠየቅሁት ግን ስለ ጭቃው አልነበረም።

ከመርጡለ ማርያም በታች መንገዱ ወደ ቆላው ይሰበራል። ጣቢያችን ካለበት መንደር በላይ ሰዎቹ «ደረጃው» የሚሉት ቦታ አለ፤ ዓመት ከዓመት የጎርፍና የከብት ኮቴ ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ ሦስት እርከን ሠርቶ፣ በግራ ገደል በቀኝ ግንብ የሚመስል አለት ይዞ ይወርዳል። በበጋ መኪና ይወጣዋል። ያን ቀን ግን ዝናቡ አርሶት እንደ ተቀባ ያብለጨልጭ ነበር። ስንወርድ መኪናዋ ወደ ገደሉ አንድ ክንድ ያህል በጎኗ ተንሸራታ ቆመች። ጋሽ ደምሴ አማተቡ። ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸውን ከፈቱ። ከዚያ መሪያቸውን ይዘው ወረዱ።

ጥሩወርቅን የትምህርት ጎጆው ውስጥ አገኘናት። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል እንጂ አያይም። ጥርሷን ነክሳለች። ገላዋን ስነካው እጄን መለስኩ፤ እንደዚያ የሚያቃጥል የሰው ገላ ነክቼ አላውቅም። አጠገቧ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ውቤ ቆመዋል፤ ውጭ ደግሞ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ቃሬዛ አበጅተው ይጠብቃሉ።

«አንተ አስተማሪ» አሉኝ አያ ውቤ፤ ጓድ ብለውኝ አያውቁም። «መኪናህ ደረጃውን በዝናብ አይወጣም። ስጠን፣ በትከሻችን እናውጣት።»

«አያ ውቤ፣ እስከ መርጡለ ማርያም በእግር ስድስት ሰዓት ነው። መኪናው ደረጃውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ካለፈ ግን…» ብዬ ሰዓቱን ከሰዓት እየቀነስኩ፣ እየደመርኩ አስረዳኋቸው።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አሉ። ሰዎቹን ግን ቃሬዛውን ይዘው እንዲከተሉ አደረጉ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከደረጃው ሥር ደረስን። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌአለሁ። ጋሽ ደምሴ በአራቱም እግሯ እንድትስብ ማርሽ አስገብተው ቀስ ብለው ነዱ። የፊቶቹ ጎማዎች የመጀመሪያውን እርከን ነኩ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ደግመን እንሞክር» አልኩ።

ደገምን። ቅርንጫፍ ቆርጠን ረበረብን፤ ጎማው ቅርንጫፉን ወደ ኋላ ተፍቶ ያንኑ ባዶ ዙሩን ዞረ። ድንጋይ ደልድለን ሞከርን፤ ድንጋዩ ተፈናጠረ። ሃያው ወንዶች ከኋላ ገፉ፤ መኪናዋ ስትንሸራተት ሁለቱ ሊጨፈለቁ ለጥቂት ተረፉ።

«ይቺስ ከኔ አህያ ትብሳለች» አለ አንዱ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ።

«አህያህን ብታመጣትስ» አለው ሌላው፣ «ጓድ ማብራሪያ መጀመሪያ ያስረዷታል።»

ጥቂቶች ሳቁ። እኔም ሰማሁ። አያ ውቤ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው ልጅቷን አዩና «አሁንስ?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ።

ይህን «አንድ ጊዜ ብቻ» ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። በእያንዳንዱ ጊዜ ያባከንኩት ሰዓት ቃሬዛውን ይበልጥ የዘገየ ያደርገዋል፤ ቃሬዛው በዘገየ ቁጥር ደግሞ መኪናው ይበልጥ የግድ ይሆንብኛል። እየተናደድኩ፣ እየጸለይኩ፣ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ ጎማው ልክ መሆኑን አሁንም ለራሴ እያስረዳሁ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ ሳይጠይቁኝ ወርደው ተንበረከኩና የጎማውን ነፋስ በምስማር እየተጫኑ አስተነፈሱት። እኔም ወርጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ነፋሱ ወጣ፣ ወጣ፤ ጎማው ግን እንደ ቆመ ነው።

«አይተኛም» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጎማው የሚናገሩ ይመስላሉ። «ጎኑ ደረቅ ነው። ለከባድ ጭነት የተሠራ ነው፤ የእኛዋ መኪና አትከብደውም። የጥርሱ ጫፍ ጫፍ ብቻ ነው ድንጋዩን የሚነካው።»

ያኔ ገባኝ። የጎማው ጥርስ የሚነክሰው የሚነከስ ነገር ሲያገኝ ነው። ድንጋይ አይነከስም። ኃይል ለስፋት ሲካፈል፤ የራሴው ትምህርት ነው። ስፋት የሚሰጡኝ ለስላሳዎቹ አራት ጎማዎች ብቸና ንብረት ክፍል ውስጥ ተደርድረው ነበር፤ በሩ ላይ የእኔ ሥዕል አለ።

አያ ውቤ ጋሽ ደምሴን «ምን ቢኖር ይይዛል?» አሏቸው።

«ሰንሰለት ቢኖር ኖሮ፣ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ…»

«ጠፍርስ?»

ጋሽ ደምሴ ቀና አሉ። «እርጥብ ከሆነ… ሊይዝ ይችላል።»

ሳምንቱ ጤፍ የሚዘራበት ነበር። በእያንዳንዱ ቤት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው የቆዳ ጠፍር፣ ምራን የሚሉት፣ ሥራ ላይ ነው። ያለ እሱ በሬ አይጠመድም፤ አዲስ ለማበጀት ደግሞ ከብት ታርዶ፣ ቆዳው ተፍቆ፣ ታሽቶ ሳምንታት ይፈጃል። አያ ውቤ ወደ መንደሩ የሚሮጡ አራት ጎልማሶች መረጡ።

«የኔንም?» አለ ስለ አህያው የቀለደው ሰው።

«የኔን ቀድመው ይፍቱ» አሉት አያ ውቤ። «በሬዎቹ ይረፉ።»

ጠፍሩ እስኪመጣ ከኋላ ተመልሼ ጭንቅላቷን ያዝኩ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። በድንገት ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ ያየችኝ መሰለኝ።

«ጓድ ማብራሪያ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። «ዝናብ ነው?»

«አዎ፣ ዝናብ ነው» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

የአሥራ አንድ ቤት ጠፍር መጣ። ጋሽ ደምሴና ገበሬዎቹ በዝናብ እያራሱ በጎማው ዙሪያ፣ በጥርሶቹ መካከል፣ በጎማው ብረት ቀዳዳዎች እያሾለኩ ጠመጠሙት፤ ቋጠሮውን ለማጥበቅ በጥርሳቸው ይስቡ ነበር። ብርሃኑ እየከሳ ሲሄድ ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አስነሱ። ጎማው ድንጋዩን ነካ፣ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ያዘ። የመጀመሪያውን እርከን ወጣን። በሁለተኛው ላይ ጠፍሮቹ እንደ ጅራፍ እየጮሁ አንድ በአንድ ይበጠሱ ጀመር። በሦስተኛው ላይ የቀረውን ሃያው ሰው በጀርባው ገፋው፤ ወጣን። ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ሰዎቹን ዞሬ አላመሰገንኳቸውም። የተበጣጠሰውን ጠፍራቸውን ከጭቃው ውስጥ ሲለቅሙ በኋላ መስኮት አየኋቸው።

የቀረው መንገድ ጭቃ ነበር፤ ጎማዎቹ ደግሞ ጭቃውን በሚገባ አሳለፉን። ሲነጋጋ ሞጣ ገባን። ሐኪሙ ገና መኪናው ውስጥ ሳለች ክንዷን ይዞ መርፌ ወጋት፤ የሚቻለውን ሁሉ ከረዳቶቹ ጋር ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች።

በረንዳው ላይ ከጋሽ ደምሴ ጎን ተቀመጥኩ። እጃቸው በጠፍሩ ተላልጦ ደም ቋጥሯል።

«ለምን ጠንከር ብለው አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አሉኝ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ለጓድ ሁለት ጊዜ አይነገርም። አምና ከአለቃው ጋር በመንገድ ጉዳይ የተከራከረ ሾፌር አሻጥረኛ ተብሎ ሁለት ወር ታስሯል። እኔ አምስት ልጆች አሉኝ።»

ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለአባቷ መኪናው ተበላሸ እላቸዋለሁ። አንተ ዝም በል» አሉኝ።

እንዲህ ብንል በቂ ነበር። ማንም አይጠይቅም። መሪጌታ ልሳኑ ነጠላቸውን እንደ ነገሩ ጣል አድርገው በግቢው በር ሲገቡ ግን ተነስቼ ሄድኩባቸው። ልጃቸውን አይተው ከወጡ በኋላ ደጁ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለት ዓይነት ጎማ ነበር አልኩ፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ አልኩ።

«ጎማ?» አሉ። ቃሉ ለአፋቸው እንግዳ የሆነባቸው ይመስላሉ።

«አዎን፣ የኔታ።»

«ሾፌሩ ምን አለ?»

«ሌላውን እንውሰድ ብለው ነበር።»

«አንተስ?»

«አስረዳኋቸው።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው መሬት መሬት አዩ። አልጮሁም፤ አልረገሙኝም። የሚያለቅሱም አይመስሉም ነበር። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«እንግዲያስ ና» አሉኝ። «ለእናቷም አስረዳት።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ በጆሯቸው አንድ ነገር ብለው ወጡ። ተንበረከክሁ። አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ብቻዋን ነበረች?» አሉኝ።

«የለም፣ እማማ። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር።»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ ስለ ጎማ መናገር አልቻልኩም።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይም እንደ እኔ አስተማሪ የሆናችሁ፣ ከዚህ ታሪክ የተጣራ ትምህርት እንድሰጣችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የምነግራችሁ ያደረግሁትን ብቻ ነው። ሐኪሙ ኋላ ላይ፣ ግማሽ ቀን ቀድመን ብንደርስም ትተርፍ እንደሆነ ማንም አያውቅም ብሎኛል። ሊያጽናናኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ አልተጠለልኩም። ክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ሃምሳ ልጅ «አዎ!» ሲል ንብረት ክፍሉ በር ላይ የቆምኩ ይመስለኛልና። አሁን የምጠይቀው «የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?» ብዬ ነው። የመጀመሪያው ልጅ እጁን እስኪያወጣ አራት ወር ፈጅቶብኛል። በአራቱ ወር ውስጥ የነበረውን ዝምታ እያንዳንዱን ቀን አዳምጬዋለሁ፤ ፍርሃት እንጂ መግባባት አልነበረም። ጓድ ሆኜ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ስንት ሰው እንዲህ «እሺ» ብሎኝ ይሆን? አላውቅም። እናንተንስ?

ሞጣ በሄድኩ ቁጥር እናቷ ዘንድ ጎራ እላለሁ። ስለ መንገዱ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። መሪጌታ ነግረዋቸው እንደሆነም አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ አዝመራ አዙሬዋለሁ። አምና ግን ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ መጽሐፍ ያነቡ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው። ጥሩወርቅ ናት፤ ለዘመቻ ከመሄዷ በፊት በነበረው ክረምት፣ ደጃቸው ላይ፣ አፈር ላይ።

እማማ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ነው የጻፍኩት። ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።